ከፋኖሱ ይልቅ ባለ ቀለሙ ክብ
የፍሎረንስ ናይቲንጌል ሕይወትና ቁጥርን በሥዕል የመናገር ጥበብ

መስከረም 21 ቀን ግሸን ደብረ ከርቤ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ስንት ሕዝብ ነበር ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጠጠር መጣያ አልነበረም ብሎ ይመልሳል። እኔም የአምባሰል ልጅ ነኝና ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት መልስ ይኸው ነው። መልሱ ያምራል፤ ዐይን ላይ የሚቀር ሥዕል አለው። ቁጥር ግን የለውም። በሌላ በኩል ወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፖርት የሚያገላብጥ ሰው ቁጥር በቁጥር ላይ ተደርድሮ ያገኛል፤ ሥዕል ግን የለውም። አንዱ ቁጥር የሌለው ሥዕል፣ ሌላው ሥዕል የሌለው ቁጥር ነው።

ሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆኜ ሳስበው ይህ ነገር የእኛን ሙያ በቀጥታ የሚነካ ነው። ዜና ላይ የምንሰማው አኃዝ ገና ከጆሯችን ሳይወርድ ይጠፋል። ታዲያ ቁጥርና ሥዕልን ያጋባ ሰው ማን ይሆን ብዬ ሳስስ ያገኘኋት ሰው፣ ሁላችንም በሌላ ሥራዋ የምናውቃት ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሆና አረፈችው። ነርሶች በየዓመቱ ግንቦት 4 ቀን የሚያከብሩት ዓለም አቀፍ ቀናቸው የእሷ ልደት ነው። ሥዕሏም ይታወቃል፤ ፋኖስ ይዛ በሌሊት በቁስለኞች መካከል የምትመላለስ ሴት። እኔ ግን ውድ አንባብያን፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ ፋኖሱ ሳይሆን እሷ ራሷ ስላሰናዳችው ሌላ ሥዕል ላወጋችሁ ነው። በእኔ ግምት ከፋኖሱ ይልቅ ብዙ ነፍስ ያተረፈው ያ ሥዕል ነው። (ስለ እሷ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉልኝ።)

ከሀብታም ቤት የወጣች አስቸጋሪ ልጅ

ፍሎረንስ የተወለደችው ሜይ 12 ቀን 1820 ጣሊያን አገር ውስጥ ነው። እንግሊዛውያን ወላጆቿ ከሠርጋቸው በኋላ አውሮፓን እየዞሩ ነበር። ስሟ የተወለደችበት የፍሎረንስ ከተማ ስም ነው። በአንድ ዓመት የምትበልጣት እህቷም ኔፕልስ ተወልዳ በዚያች ከተማ ጥንታዊ የግሪክ ስም ፓርተኖፒ ተብላለች። ቤተሰቡ ሀብታም ነበር፤ ሁለት ትላልቅ መኖሪያ ቤቶች ነበሩት። አባቷ ዊሊያም ናይቲንጌል የተማረ ሰው ስለነበር ሴቶች ልጆቹን ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ግሪክኛና ላቲን ራሱ አስተማራቸው። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ይህ ብርቅ ነው።

እሷ ግን ከሁሉ የወደደችው ሒሳብ ነበር። ቤተሰቧም በቀላሉ አልፈቀደላትም። የባላባት ልጅ ጥልፍ መጥለፍ፣ ፒያኖ መምታት፣ እንግዳ መቀበል ነበረባትና ሒሳብ ለምኗ ነው? በ16 ዓመቷ እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደጠራት አምና ነበር፤ ጥሪው ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ግን ለማወቅ ዓመታት ፈጀባት። ሕሙማንን ማስታመም መሆኑን ስትረዳ እናቷና እህቷ አበዱ ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ አስታማሚነት የድሃ ሥራ፣ ያውም በስካር የሚታማ ሥራ ነበር። ለዓመታት የጠየቃትን ታዋቂ ሰው አላገባም ብላ በ1849 ቁርጡን ነገረችው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከቤተሰብ ወዳጆች ጋር ግብፅ ወርዳ በአባይ ላይ በጀልባ ተጓዘች። ከእኛ ደጋ አፈር ጠርጎ የወረደውን ውኃ ማየቷ ነው እንግዲህ።

በ1851 ጀርመን አገር ካይዘርስቨርት በሚባል ቦታ ለሦስት ወር ያህል ማስታመም ተማረች። በ1853 ለንደን ውስጥ የአንድ አነስተኛ የሴቶች ሕክምና ተቋም ኃላፊ ሆነች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ሌሊት ሌሊት እየተነሳች የአውሮፓ ሆስፒታሎችን ሪፖርት ታነብ፣ አኃዛቸውን በደብተር ታሰፍር ነበር። ሰው ልብ ወለድ በሚያነብበት ሰዓት እሷ ሠንጠረዥ ታነባለች።

ጋዜጣው የቀሰቀሰው ጉዞ

በ1853 መጨረሻ ሩሲያና ቱርክ ተዋጉ፤ በማግሥቱ ዓመት እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጎን ቆሙ። ይህ የክራይሚያ ጦርነት ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ትልቅ ምዕራፍ ነው። ዊሊያም ሃዋርድ ራስል የተባለው የዘ ታይምስ ዘጋቢ ከሠራዊቱ ጋር ሆኖ ያየውን በቀጥታ ወደ ለንደን ይጽፍ ነበር። ሌላው የጋዜጣው ሰው ቶማስ ቼነሪ ደግሞ ከቁስጥንጥንያ ሆኖ የቁስለኞቹን መከራ ዘገበ፤ በቂ ሐኪም የለም፣ ፋሻ እንኳን የለም። የእንግሊዝ ሕዝብ ቁርሱን እየበላ ይህን ሲያነብ አገር ተንጫጫ። የጦር ሚኒስትሩ ሲድኒ ኸርበርት የፍሎረንስ ወዳጅ ነበርና አስታማሚዎች ይዛ እንድትሄድ ጠየቃት። 38 ሴቶች አስከትላ በኖቬምበር 1854 መጀመሪያ ስኩታሪ ደረሰች። ስኩታሪ የዛሬዋ የኢስታንቡል ከተማ አንድ ክፍል ናት።

የተሰጣቸው ሆስፒታል ቀድሞ የቱርክ ጦር ሰፈር የነበረ ግዙፍ ሕንፃ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ያስፈራል፤ ውስጡ ሲገቡ ግን የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሕንፃው የቆመው በተደፈነ የፍሳሽ ቦይ ላይ ነበር። ቁስለኞች በኮሪደሩ ወለል ላይ ተደርድረዋል፤ አይጥና ቅማል ምኑ ቅጡ። ፍሎረንስ ከራሷና ከዘ ታይምስ የእርዳታ ገንዘብ ሸሚዝ፣ ሳሙና፣ መጥረጊያ፣ ምግብ ገዛች፤ ወጥ ቤትና ልብስ ማጠቢያ አደራጀች፤ ሌሊት ፋኖስ ይዛ ትዞር ነበር። የፋኖሱ ዝና የመጣው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን መራራውን እውነት መናገር ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ልፋት እያለ ሞቱ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። በፌብሩዋሪ 1855 በስኩታሪ ሆስፒታሎች ከ100 ሕሙማን 42 ያህሉ ይሞቱ ነበር። በማርች የመንግሥት የጽዳት ኮሚሽን መጣ። ኮሚሽኑ ቦዮቹን አጠበ፣ የሞቱ እንስሳትን ከውኃው መስመር አወጣ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባ፣ መስኮት አስከፈተ። በጁን ከ100 ሕሙማን የሚሞቱት 2 ያህል ብቻ ሆኑ። ልዩነቱን ያመጣው ምን እንደሆነ እሷም ያኔ በደንብ አልገባትም ነበር። ብዙዎቹ የሞቱት ተርበውና ደክመው፣ ዘግይተው ስለመጡ ነው የሚል እምነት ይዛ ነበር ወደ አገሯ የተመለሰችው።

ከራሷ እምነት ጋር መጣላት

በኦገስት 1856 ሕዝቡ በሰልፍና በሙዚቃ ሊቀበላት ሲጠብቅ እሷ ሚስ ስሚዝ በሚል የውሸት ስም ተደብቃ ገባች። ክብር አልፈለገችም፤ የፈለገችው መልስ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ንግሥት ቪክቶሪያን አግኝታ የሠራዊቱ ጤና የሚመረመርበት ኮሚሽን እንዲቋቋም ለመነች። ኮሚሽኑ በ1857 ተቋቋመ። እሷ ሴት በመሆኗ አባል ልትሆን አልቻለችም፤ ምስክርነቷን የሰጠችው በጽሑፍ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ግን የኮሚሽኑ ሞተር እሷ ነበረች።

በዚህ ጊዜ አብሯት የሠራው ዊሊያም ፋር የሚባል የእንግሊዝ የልደትና የሞት መዝገብ ስታቲስቲክስ ባለሙያ ነው። የስኩታሪ መዝገብ ዝብርቅርቁ የወጣ ነበር፤ ሦስት የተለያዩ መዝገቦች የአንድ ሆስፒታልን ሟቾች በሦስት ዓይነት ቁጥር ይናገራሉ። ሁለቱ ተቀምጠው ቁጥሩን አጠሩ፣ አነጻጸሩ፣ ከ1000 ሰው ስንት እያሉ አሰሉ። ሲጨርሱ የወጣው ውጤት የፍሎረንስን የቀድሞ እምነት የሚቃወም ሆነ። አብዛኛውን ወታደር የገደለው ረሃብ ወይም ድካም ሳይሆን ቆሻሻው ነው። ሆስፒታሉ ራሱ ገዳይ ነበር፤ እሷ የምትመራው ጭምር።

ይህ ለአንድ ሰው ቀላል አይደለም። ጀግና ተብሎ ስሙ በየቤቱ የተሰቀለ ሰው ፋይሉን ዘግቶ ዝም ቢል ማን ይጠይቀዋል? እሷ ግን ቁጥሩን አምና የራሷን ሐሳብ ጣለች፤ ያንን ቁጥር ለመላው አገር ለማሳየትም ተነሳች። እኔ ስለዚህች ሴት ሳነብ ከሁሉ ያስደነቀኝ ይኸ ነው።

ክቡ እንዴት ይነበባል?

ችግሩ ታዲያ ምን ነበር? ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች ሠንጠረዥ አያነቡም። ሪፖርቱ ወፍራም ነው፣ ሰውየው ጊዜ የለውም። ስለዚህ ፍሎረንስ በ1858 ባወጣቻቸው ጽሑፎች ውስጥ ባለ ቀለም ሥዕሎች አስገባች። ግራፍ የመሥራት ሐሳብ የእሷ ፈጠራ እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል። የመስመርና የዘንግ ግራፍን በ1786፣ የክብ ቻርትን በ1801 ለሕዝብ ያቀረበው ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር ነው። የእሷ ድርሻ ግራፍን የክርክር መሣሪያ ማድረጓ ነው።

ዋነኛውን ሥዕል በድፎ ዳቦ ላስረዳ። አንድ ድፎ ዳቦ ከመሐሉ ተነስቶ በ12 እኩል ማዕዘን ተቆረጠ እንበል፤ እያንዳንዱ ቁራሽ አንድ ወር ነው። የሁሉም ማዕዘን እኩል ይሁን እንጂ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ብዙ ሰው የሞተበት ወር ቁራሽ ወደ ውጭ ይረዝማል። በእያንዳንዱ ቁራሽ ውስጥ ሦስት ቀለም አለ። ሰማያዊው መከላከል ይቻል በነበረ በሽታ የሞተውን፣ ቀዩ በቁስል የሞተውን፣ ጥቁሩ በሌላ ምክንያት የሞተውን ያሳያል። ሦስቱም የሚለኩት ከመሐል ተነስተው ነው። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ክብ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ አንደኛው ከኤፕሪል 1854 እስከ ማርች 1855፣ ሁለተኛው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ዓመት።

ማንበብ የማያውቅ ሰው እንኳን ይህን ሥዕል ቢያይ ሁለት ነገር ይገባዋል። የመጀመሪያው፣ ሰማያዊው ቀዩን ውጦታል። ሁለተኛው፣ ከጽዳቱ በኋላ ያለው ክብ ከመጀመሪያው አጠገብ ሲታይ ኮስማና ነው። ቁጥሩ የበለጠ ይናገራል። በጃንዋሪ 1855 የሠራዊቱ ብዛት 32,393 ነበር። በዚያ በአንድ ወር በእነዚያ በሽታዎች 2,761፣ በቁስል 83፣ በሌላ ምክንያት 324 ሰው ሞተ። ጥይትና ሳንጃ አንድ ሰው ሲገድሉ በሽታ 33 ሰው ገድሏል ማለት ነው። ሞቱ በዚያው ፍጥነት ቢቀጥልና ምትክ ወታደር ባይላክ ኖሮ ሠራዊቱ በ10 ወር ገደማ ያልቅ ነበር፤ ጠላት ሳያስፈልግ። በጠቅላላው ጦርነት ከሞቱት 21,000 ያህል የእንግሊዝ ወታደሮች 16,000 የሚበልጡት የሞቱት በበሽታ ነው።

ጦርነት ስለሆነ ነው እንዳይሏት ደግሞ ሌላ ሥዕል ሠራች። ይህኛው በጣም ቀላል ነው፤ ጥንድ ጥንድ አግዳሚ ዘንጎች ብቻ። በሰላም ጊዜ እዚያው እንግሊዝ አገር ጦር ሰፈር ውስጥ የሚኖር ወታደርና ተራው ሲቪል ወንድ በዕድሜ እየተከፈሉ ተነጻጸሩ። ከ20 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ በዓመት ከ1000 ሲቪል 8.4 ሲሞት ከ1000 ወታደር 17 ይሞታል። ከ25 እስከ 30 ባለው 9.2 ለ18.3 ነው። ወታደር ሲመለመል ጤነኛው ተመርጦ ነው፤ ታዲያ እንዴት እጥፍ ይሞታል? ሁለት ዘንግ፣ አንዱ አጭር አንዱ ረዥም። ምን ብሎ መከራከር ይቻላል?

ሥዕልም ሊዋሽ ይችላል

ስለ እሷ ሥራ ስናደንቅ አንድ ነገር አንርሳ። በመጀመሪያ ባሳተመችው የክብ ሥዕል ላይ ቁጥሩን የሚወክለው ከመሐል የሚወጣው መስመር ርዝመት ነበር፤ የሰው ዐይን ግን የሚያየው ስፋቱን ነው። ርዝመት እጥፍ ሲሆን ስፋት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትልቁ ወር ከሚገባው በላይ ገዝፎ ታየ። ግድፈቱ ሲታወቅ ማረሚያ ወረቀት ተጨመረበት፤ በኋላ በወጣው ሥዕል ደግሞ ቁጥሩን የሚወክለው የቁራሹ ስፋት እንዲሆን ተደርጎ እንደገና ተሠራ።

ይህ ስህተት ዛሬም በየጋዜጣው አለ። የእህል ምርት በእጥፍ አደገ ለማለት አንድ ትንሽ ጎተራና አንድ ትልቅ ጎተራ ይሣላል። ሠዓሊው ቁመቱንም ጎኑንም እጥፍ ሲያደርገው አንባቢ የሚያየው አራት እጥፍ ምርት ነው። ቁጥሩ እውነት፣ ሥዕሉ ውሸት። ኦስትሪያዊው ኦቶ ኑራት በ1920ዎቹ ቪየና ውስጥ ለዚህ መላ አበጅቶለታል፤ ሥዕሉን አታተልቁት፣ ደጋግሙት የሚል ነው ባጭሩ። እጥፍ ከሆነ ሁለት እኩል ጎተራ ይሣል፣ አለቀ።

አልጋ ላይ ሆኖ አገር መለወጥ

ፍሎረንስ ክራይሚያ ላይ በያዛት በሽታ ምክንያት ከ1857 ጀምሮ ብዙውን ጊዜ አልጋ ላይ ነበረች። ከዚያው ሆና ግን ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ሚኒስትር ታስጠራለች፣ ሥዕሎቿን ለሚመለከታቸው ሁሉ ታዳርሳለች። ለጋዜጠኛዋ ሃሪየት ማርቲኖም መረጃዋን ሰጥታት ማርቲኖ በ1859 ስለ እንግሊዝና ስለ ወታደሮቿ ለተራው አንባቢ የሚሆን መጽሐፍ ጻፈች። እዚህ ላይ የሙያችንን ቦታ ልብ ይሏል፤ ጉዞው በጋዜጣ ተጀመረ፣ ግኝቱም በጋዜጠኛ ብዕር ሕዝብ ዘንድ ደረሰ። የጦር ሰፈሮች አየርና ፍሳሽ ተስተካከለ፣ የሠራዊት የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ የሠራዊቱ የጤና ስታቲስቲክስ በደንብ መያዝ ጀመረ። በ1858 የለንደን ስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል አድርጎ መረጣት። በ1860 ለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤቷ ተከፈተ።

ቀጥላ ወደ ህንድ ዞረች። ህንድን በዐይኗ ሳታይ ከየጦር ሰፈሩ መጠይቅ አስሞልታ የእንግሊዝ ወታደሮችን ሞት መረመረች። በዓመት ከ1000 ወታደር 69 የነበረው ሞት በ1873 ወደ 18 መውረዱን ለመግለጽ በቃች። በህንድ ጉዳይ ደብዳቤ ከምትጻጻፋቸው ሰዎች አንዱ ደግሞ ለእኛ ለወሎዎች እንግዳ አይደለም፤ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ነው። በ1868 አፄ ቴዎድሮስ በወደቁባት በመቅደላ ላይ የዘመተው ጦር አዛዥ እሱ ነበር፤ በኋላም የመቅደላ ሎርድ ተባለ። መቅደላ ከእኛ ከአምባሰል ሩቅ አይደለችም። ዓለም ጠባብ ናት የሚባለው እውነት ነው።

ያልተሳካላትም ነበር። በ1861 የሕዝብ ቆጠራ ላይ የታመሙ ሰዎችና የመኖሪያ ቤት ሁኔታ እንዲጠየቅ ያቀረበችው ሐሳብ ውድቅ ሆነ። በ1891 ደግሞ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስታቲስቲክስን ለአስተዳደር ሥራ የሚያስተምር መምህርነት እንዲቋቋም ሞክራ አልሆነላትም። አገር የሚመሩ ሰዎች ቁጥር ማንበብ ካልተማሩ የተሰበሰበው ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ሐሳብ ነበራት።

ይህ ሁሉ ለወሎ ምኑ ነው?

አንዳንድ ጓደኞቼ ከ150 ዓመት በፊት የሞቱ የእንግሊዝ ወታደሮች ምን ያደርጉልናል ይሉኛል። መልሴ ቅርብ ነው፤ አያቶቻችንን መጠየቅ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በረሃብ ሲያልቅ ነገሩ ከሕዝብ ተሸፍኖ ቆየ። ዓለም ያወቀው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ፊልሙን ካሳየ በኋላ ነው። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላም ያው ተደገመ። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1976 ዓ.ም. ሚሊዮኖች አደጋ ላይ መሆናቸውን በአኃዝ ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። አኃዙ ወረቀት ላይ ተኛ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሱት ፊልም በቢቢሲ ሲታይ ግን ዓለም ተነሳ። ኮረም ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች።

ከዚህ የምማረው ሁለት ነገር ነው። ሥዕል የሌለው ቁጥር አይሰማም። ቁጥር የሌለው ሥዕልም ያስለቅሳል እንጂ ስንት ኩንታል፣ ለስንት ሰው፣ ለየትኛው ወረዳ የሚለውን አይናገርም። ወሎ ለዓለም የቀረበችው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው መንገድ ነው፤ የሚያለቅስ ሕፃን ፎቶ። የናይቲንጌል ክብ ግን አንድም የሚያለቅስ ሰው የለበትም። የሟቹን ክብር ሳይነካ የሞቱን ምክንያት ያሳያል።

አሥራ ሦስት ቁራሽ ያለው ክብ

ወደ መንደራችን እንመለስ። በየጤና ኬላው ግድግዳ ላይ የክትባት መከታተያ ግራፍ የሚለጠፍበት ቦታ አለ። በየወሩ የተከተቡ ሕፃናት እየተደመሩ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከታለመው መስመር ዝቅ ካለ የቀሩ ልጆች አሉ ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዘወር ብላ አይታ ነገ የየትኛውን ጎጥ በር ማንኳኳት እንዳለባት ታስባለች። ይህች መስመር የናይቲንጌል የልጅ ልጅ ናት።

እኔ ደግሞ የአምባሰልን ዓመት በናይቲንጌል ክብ ልሥል ብዬ ወረቀት ይዤ ተቀምጬ ነበር። ወዲያው አንድ ነገር ታየኝ፤ የእኛ ክብ 12 ቁራሽ ሳይሆን 13 ነው የሚኖረው። ጳጉሜን ምን እናድርጋት? አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቀን ብቻ ስለሆነች ቁጥሯ ሁልጊዜ ትንሽ ነው። በሐምሌ 30 ሰው ታመመ፣ በጳጉሜን 10 ሰው ታመመ እንበል። ቁጥሩን እንዳለ የሣለ ሰው ጳጉሜን ደህና ወር ነበረች ይላል። በቀን ስንት ብሎ ያሰበ ግን ሐምሌ በቀን 1፣ ጳጉሜን በቀን 2 መሆኑን ያገኛል፤ እጥፍ ነው። ናይቲንጌል የሟቹን ብዛት ብቻ ሳትሥል ከ1000 ሰው በዓመት ስንት ወደሚል ስሌት የለወጠችው ለዚህ ነበር። ሠራዊቱ በየወሩ ስለሚጨምርና ስለሚቀንስ ማለት ነው።

ክቡ ክብ የሆነበትም ምክንያት አለው፤ ዓመት ዞሮ ይመጣል። በቆላማው ቀበሌ ወባ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም ጀምሮ ይበረታል። ግሸን ላይ ደግሞ መስከረም ማለት ሕዝበ ክርስቲያኑ ከየአገሩ ተጠራርቶ በአንዲት ተራራ ላይ የሚያድርበት ወር ነው። ብዙ ሰው፣ ጥቂት ውኃ፣ ጥቂት መጸዳጃ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ቋራ ውስጥ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል በተሰበሰቡ ሰዎች መካከል ኮሌራ መነሳቱ የሚረሳ አይደለም። በእግሩ ቀናት ተጉዞ በረከት ሊቀበል የመጣ ሰው ታሞ እንዳይመለስ፣ ስንት ቦኖ አለ፣ ስንት መጸዳጃ አለ፣ ለስንት ሰው የሚለው ጥያቄ የእምነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የዜናም ጉዳይ ነው። ጠጠር መጣያ አልነበረም ብሎ ዘገባ የሚያቀርብ ጋዜጠኛ ግማሹን ብቻ ነው የነገረን። ሁለት ዘንግ ቢሥል፣ አንዱ ሕዝቡን ሌላው ውኃውን የሚያሳይ፣ ሹማምንቱም ምዕመኑም ለሚመጣው ዓመት የሚያደርጉት ነገር ይኖራቸዋል።

ለዚህ ኮምፒዩተር እንኳን የግድ አይደለም። ባለ መስመር ወረቀት፣ ማስመሪያና ሁለት ቀለም እርሳስ ይበቃል። ከባዱ ነገር ቁጥሩን ከምንጩ መጠየቅ፣ ሁለት መዝገብ ሲጣላ የትኛው ትክክል እንደሆነ ማጣራት፣ ውጤቱም እኛ ከጠበቅነው ውጭ ሲሆን ሳይደብቁ ማቅረብ ነው። የትምህርት ክፍላችን መጽሔት በየእትሙ ስለ አካባቢያችን አንድ፣ አንድ ብቻ፣ በእጅ የተሠራ ግራፍ ቢያወጣ ብዬ ሐሳቤን ለአዘጋጆቹ አቀርባለሁ።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በእርጅናዋ ዐይኗ ጠፋ። ያን ሁሉ ቁጥር ለሰው ዐይን ያስተካከለችው ሴት የመጨረሻ ዓመታቷን በጨለማ አሳለፈች። በ1907 የእንግሊዝ የክብር ኒሻን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴት ሲሰጥ ተሸላሚዋ እሷ ነበረች። ኦገስት 13 ቀን 1910 በ90 ዓመቷ አረፈች። ነገሥታት በተቀበሩበት በዌስትሚኒስተር እንድትቀበር ተጠይቆ ቤተሰቧ አልተቀበለም፤ እንደ ፈቃዷ ከወላጆቿ አጠገብ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረች። መቃብሯ ላይ የተጻፈው የስሟ መነሻ ፊደላትና የተወለደችበትና የሞተችበት ጊዜ ብቻ ነው። ጥቂት ፊደልና ጥቂት ቁጥር፣ ሌላ ምንም የለም።